ሜዲኬር፦ አባትና እናትን ወደ አሜሪካ ላመጣ ሰው

ሜዲኬር የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሕጉን በ1965 እ.ኤ.አ. ሲፈርሙ፣ የመጀመሪያውን ካርድ የወሰዱት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ነበሩ።

ሜዲኬር «ፓርት» በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ ነው። ፓርት ኤ ሆስፒታል ተኝቶ ለመታከም ነው። ፓርት ቢ ለሐኪም ቀጠሮ፣ ለምርመራና ለተመላላሽ ሕክምና ይከፍላል። ለመድኃኒት ፓርት ዲ አለ። ችግሩ ፓርት ቢ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው 80 በመቶውን ብቻ መሆኑ ነው። ቀሪው 20 በመቶ ጣሪያ የለውም፤ ካንሰር ከመጣ ቤት ያናጋል። ስለዚህ አንዳንዱ ክፍተቱን የሚሞላ፣ ሜዲጋፕ የሚባል ተጨማሪ ኢንሹራንስ ይገዛል። ሌላው በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠውን የሜዲኬር ዓይነት፣ አድቫንቴጅን ይመርጣል። አድቫንቴጅ በወር ርካሽ ነው፤ የጥርስና የመነጽር ጥቅምም ይጨምራል። ግን የሚታከሙበትን ሐኪም ይገድባል።

አሁን ወደ እኛ ሰው ጉዳይ እንምጣ። «እኔ ስንት ዓመት ታክስ ከፍዬ የለ? ለእማዬ ይሰጧታል» የሚል ብዙ ነው። አይሰጧትም። የልጅ ታክስ ለወላጅ አይቆጠርም። ፓርት ኤ በነፃ የሚገኘው ራስ ወይም የትዳር ጓደኛ ወደ 10 ዓመት ሠርቶ ታክስ ከከፈለ ነው። ያልሠራ ወላጅ 65 ዓመት ሞልቶት፣ ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት በተከታታይ አሜሪካ ከኖረ በኋላ መግዛት ይችላል። ዋጋው ግን አይቀመስም፦ በ2025 ፓርት ኤ በወር እስከ 518 ዶላር፣ ፓርት ቢ ደግሞ 185 ዶላር ነበር። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ስቴቱ የሚከፍልበት ፕሮግራም ስላለ፣ ሳይጠይቁ ተስፋ መቁረጥ ሞኝነት ነው። አምስቱ ዓመት እስኪሞላ ብዙዎች በኦባማኬር ገበያ ኢንሹራንስ ይገዛሉ።

መመዝገቢያው ጊዜ ካለፈም ጣጣ አለው። በሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ሳይሸፈን ፓርት ቢን ያዘገየ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ቅጣቱ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል።

ክረምቱን አዲስ አበባ ለሚያሳልፉ ደግሞ፣ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው አይሠራም። አንዳንድ የሜዲጋፕ ዓይነቶች ግን በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም፣ 250 ዶላር ከተከፈለ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ። የዕድሜ ልክ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው።