ሊግ አልባው ቡድን፦ የኒውዮርክ ሬንስ የውድድር ዘመናት

ኒውዮርክ ሬኔሳንስ፣ በአጭሩ ሬንስ፣ በኒውዮርክ ከተማ ሃርለም ሰፈር ውስጥ የተመሠረተ የጥቁሮች ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ቡድን ነበር። ባለቤቱም ጥቁር ነው። ቦብ ዳግላስ ይባላል፤ የተወለደው በካሪቢያኗ ደሴት በሴንት ኪትስ ነው። ዳግላስ ሬኔሳንስ ከሚባል የዳንስ አዳራሽ ጋር ተስማማ። አዳራሹ መጫወቻ ይሰጣል፣ ቡድኑ ደግሞ በአዳራሹ ስም ይጠራል። የመጀመሪያ ጨዋታቸው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1923 ተካሄደ። ተመልካቹ ኳሱንም ዳንሱንም አይቶ ነበር የሚሄደው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ወለሉ ለጨፋሪ ይለቀቃል።

የሬንስን የውድድር ዘመን በዛሬ ዓይን ማየት ያስቸግራል። የደረጃ ሰንጠረዥ የለውም። በ1925 የተቋቋመው የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ጥቁሮችን አያስገባም ነበር። ስለዚህ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ያገኙትን ቡድን ሁሉ ይገጥማሉ። ብዙ ሆቴልና ምግብ ቤት አያስተናግዳቸውም። ተጫውተው ሲጨርሱ፣ ደክሟቸውም ቢሆን፣ ማደሪያ የሚሰጣቸው ከተማ እስኪደርሱ ይጓዛሉ።

እንዲህም ሆኖ በ1932-33 ዘመን 120 ጊዜ አሸንፈው የተሸነፉት 8 ጊዜ ብቻ ነው። ከእነዚህ ድሎች 88ቱ ተከታታይ ናቸው፣ ያውም ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ። ግስጋሴያቸውን የገታው ኦሪጂናል ሴልቲክስ የተባለው የነጮች ቡድን ነው (ከዛሬው ቦስተን ሴልቲክስ ጋር አይገናኝም)። ሁለቱ ቡድኖች ኃይለኛ ተቀናቃኞች ነበሩ፤ ግን ይከባበራሉ። የሴልቲክሱ ጆ ላፕቺክ ጨዋታ ሳይጀመር የሬንሱን ‹ታርዛን› ኩፐርን በሕዝብ ፊት ያቅፈው ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1939 ቺካጎ ላይ የዓለም ፕሮፌሽናል ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋጀ። ሬንስ በግማሽ ፍጻሜው ሃርለም ግሎብትሮተርስን፣ በፍጻሜው ኦሽኮሽ ኦልስታርስን 34 ለ 25 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ዳግላስ ለተጫዋቾቹ ‹የጥቁሮች የዓለም ሻምፒዮን› የሚል ጃኬት አሠራላቸው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ጆን አይዛክስ ግን ምላጭ ፈልጎ ‹የጥቁሮች› የሚለውን ቃል ከጃኬቱ ላይ ቆርጦ አወጣው። ልክ ነበር፤ ያሸነፉት ውድድር የነጮች ቡድኖችም የተሳተፉበት ነው።

በ1948 እዚያው ውድድር ፍጻሜ ደርሰው ጆርጅ ማይከን በሚጫወትበት ሚኒያፖሊስ ሌከርስ 75 ለ 71 ተሸነፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ከናሽናል ባስኬትቦል ሊግ የዲትሮይቱ ቡድን በመሀል ሲወጣ፣ ቦታው ለሬንስ ተሰጠ። ሜዳቸው ኦሃዮ፣ ዴይተን ሆነ፤ አሠልጣኛቸው ፖፕ ጌትስ። ያለ ሊግ ሩብ ምዕተ ዓመት የነገሠ ቡድን ሊግ ውስጥ ሲገባ 14 አሸንፎ 26 ተሸነፈ። እንደኔ እንደኔ፣ በሩ የተከፈተው በጣም ዘግይቶ ነው።

በ1949 ይህ ሊግና ባስኬትቦል አሶሲዬሽን ኦፍ አሜሪካ የተባለው ሌላ ሊግ ተዋህደው ኤንቢኤ ሲመሠረት ሬንስ አልተካተተም፤ ቡድኑም በዚያው ፈረሰ። በዓመቱ ኤንቢኤ ጥቁር ተጫዋቾችን መቀበል ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ናት ክሊፍተን ነው፤ እሱም ቀደም ሲል ለሬንስ ተጫውቷል።