የውክልና ጦርነት ምንድን ነው? የአንጎላ ወካዮችና ተወካዮች

የውክልና ጦርነት የሚባለው ኃያላን መንግሥታት ፊት ለፊት ሳይገጥሙ፣ በሦስተኛ አገር የሚዋጉ ወገኖችን በገንዘብ፣ በመሣሪያና በአሠልጣኝ እየደገፉ የሚያካሂዱት ጦርነት ነው። ስያሜው ግን ትንሽ ያሳስታል። ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና የሰጠ ሰው እንደሚያውቀው ተወካይ የሚሠራው በወካዩ ስም ነው፤ ወካዩም ሲፈልግ ሥልጣኑን ይሽረዋል። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በቅኝ ግዛቶች የተካሄዱትን ጦርነቶች በዚህ ዓይን ብቻ ካየናቸው፣ ለነፃነት የተነሡት ንቅናቄዎች የዋሽንግተንና የሞስኮ መልእክተኞች ሆነው ይቀራሉ። ማን ማንን እንደ ወከለ ለመለየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከአንጎላ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት በአንጎላ የትጥቅ ትግሉ በ1961 የተጫረው ከሁለቱ ጎራዎች በመጣ ትእዛዝ አልነበረም። ገበሬው ጥጥ እንዲያመርት ይገደድ ነበር፤ በሰሜን ደግሞ መሬቱ ለነጭ ቡና አምራቾች ተወስዶበት ነበር። ሆኖም ታጋዮቹ በአንድ ጥላ ሥር አልተሰለፉም። በዋና ከተማዋ በሉዋንዳና በአካባቢዋ ተሰሚነት የነበረውን ኤምፒኤልኤን የመራው ሐኪሙና ገጣሚው አጎስቲኖ ኔቶ ነው፤ ከምዕራባውያኑ የጦር ቃል ኪዳን ከኔቶ ጋር የስም መመሳሰል እንጂ ዝምድና የለውም። በሰሜን በባኮንጎ ሕዝብ ዘንድ ሥር የሰደደውን ኤፍኤንኤልኤን ሆልደን ሮቤርቶ ሲመራ፣ ዮናስ ሳቪምቢ ደግሞ በ1966 ዩኒታን መሠረተ። ሦስቱም መሣሪያ ፈላጊዎች ነበሩ፤ ሦስቱም እርስ በርሳቸው ይፈራሩ ስለነበር እያንዳንዱ የየራሱን ደጋፊ ፍለጋ ወጣ።

አሜሪካ በመጀመሪያ በሁለት ቢላ ለመብላት ሞክራለች። የኬኔዲ መንግሥት በ1961 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፖርቱጋልን የሚነቅፍ የውሳኔ ሐሳብ ደግፎ ድምፅ ሰጠ፤ ሲአይኤም ለሮቤርቶ መጠነኛ ገንዘብ ይቆርጥለት ነበር። ነገር ግን ፖርቱጋል የኔቶ መሥራች አባል ከመሆኗም በላይ፣ በአትላንቲክ መካከል በሚገኙት የአዞረስ ደሴቶቿ አሜሪካ የምትጠቀምበት የአየር ኃይል ሰፈር ነበር፤ የስምምነቱም ጊዜ በ1962 ያበቃ ነበር። ሊዝበን ይህን እንደ መያዣ ተጠቀመችበትና የዋሽንግተን ተቃውሞ ብዙም ሳይቆይ ለዘበ። ከምዕራብ አውሮፓ እጅግ ድሃ ከሚባሉት አንዷ የነበረች አገር ልዕለ ኃያሏን በአንድ የአውሮፕላን ማረፊያ እጅ ጠመዘዘቻት ማለት ነው።

ታሪኩ በተለምዶ ከሚነገረው በተቃራኒ የሚሄደው ግን እዚህ ላይ ነው። በአንጎላ፣ በሞዛምቢክና በጊኒ ቢሳው በአንድ ጊዜ ሲዋጋ ዓመታት ያለፉት የፖርቱጋል ጦር ሰለቸ። ድል የማይታይበትን ጦርነት ከቅርብ ያዩት መካከለኛ መኮንኖች አፕሪል 25 ቀን 1974 የሊዝበንን አምባገነን መንግሥት ገለበጡ። በኔቶ አባል አገር ኮሚኒስቶች የካቢኔ ወንበር ያዙ፤ ዋሽንግተንም ደነገጠች። ይህን ያመጣው የሶቪየት ሴራ አይደለም፤ ሞስኮ እንዲያውም በኤምፒኤልኤ ውስጣዊ ሽኩቻ ተሰላችታ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዕርዳታዋን ገታ አድርጋ ነበር። የአውሮፓን ሚዛን ያናጉት የአፍሪካ ጫካዎች ነበሩ።

የነፃነቱ ቀን ኖቬምበር 11 ቀን 1975 እንዲሆን ከተወሰነ በኋላ፣ በዚያ ዕለት ሉዋንዳን የያዘ መንግሥት እንደሚሆን ሦስቱም ስላወቁ ሩጫው ተጀመረ። ፕሬዚዳንት ፎርድ በጁላይ ኤምፒኤልኤን የሚቃወሙትን ሁለቱን ድርጅቶች የሚያስታጥቅ የሲአይኤ ምስጢራዊ ዘመቻ ፈቀዱ፤ በኦክቶበር የደቡብ አፍሪካ የዘረኛው መንግሥት ጦር ከደቡብ ገባ፤ በኖቬምበር መጀመሪያ የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ ኤምፒኤልኤን የሚረዳ ተዋጊ ጦር ለመላክ ወሰኑ። የኩባን ውሳኔ በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሞስኮ ትእዛዝ እንደ ነበር ነው። ካስትሮ ግን የሶቪየት መሪዎችን ፈቃድ ሳይጠብቁ ነው የወሰኑት፤ የመጀመሪያዎቹን ወታደሮችም ያጓጓዙት በራሳቸው መርከቦችና ባረጁ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ነበር። ሶቪየት ኅብረት በማጓጓዙ የገባችበት በጃንዋሪ 1976 ነው። እንግዲህ «ተወካይ» የተባለው ወካዩን ጎትቶ አስገባው። በወራት ውስጥ ከ30,000 በላይ ኩባውያን አንጎላ ሲገቡ፣ ከቬትናም በቅርቡ የወጣው የአሜሪካ ኮንግረስ የሲአይኤውን ዘመቻ ገንዘብ ቆረጠ።

የዚህ ውጤት እኛም ዘንድ ደርሷል። በአንጎላ የተሳካላቸው ሞስኮና ሃቫና በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ ለኢትዮጵያ መሣሪያና ወታደር ሲልኩ፣ ከኩባውያኑ ከፊሎቹ በቀጥታ ከአንጎላ የመጡ ነበሩ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የትግላችን ሐውልት የሚያስታውሰው የእነሱንም ሙታን ነው። በሁለቱ ልዕለ ኃያላን መካከል የነበረውን መለሳለስ ያበላሹት ነገሮች ሲቆጠሩ አንጎላና ኦጋዴን ጎን ለጎን የሚነሡት በዚህ ምክንያት ነው።

የጎራ መስመሩ ምን ያህል የተጣመመ እንደ ነበር የአንጎላን የነዳጅ ግዛት ካቢንዳን ያየ ይረዳዋል። በዚያ ነዳጅ ያወጣ የነበረው የአሜሪካው ገልፍ ኦይል ለማርክሲስቱ የኤምፒኤልኤ መንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ የጦርነቱ ዋና ወጪ መሸፈኛ ሲሆን፣ ተቋሙን የሚጠብቁት ኩባውያን ነበሩ። በ1985 ሊያፈነዱት የመጡት ደግሞ ዋሽንግተን በተከታዩ ዓመት እንደገና መርዳት ከጀመረችው ከዩኒታ ጎን የተሰለፈችው የደቡብ አፍሪካ ኮማንዶዎች ናቸው። ሳቪምቢም ቢሆን በ1960ዎቹ በቻይና ሠልጥኖ የማኦን ቋንቋ ሲናገር ቆይቶ፣ በ1986 ዋይት ሐውስ ውስጥ በፕሬዚዳንት ሬገን የተስተናገደ ሰው ነው። ይህን ሰው የማን ተወካይ እንበለው?

መልሱን ከሁሉም የበለጠ የሚያቀርበው የመጨረሻው ምዕራፍ ይመስለኛል። በዲሴምበር 1988 በኒውዮርክ በተፈረመው ስምምነት መሠረት በደቡብ አፍሪካ ትገዛ የነበረችው ናሚቢያ በ1990 ነፃ ወጣች፤ ኩባውያኑም በ1991 ለቀው ሄዱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። በ1992 በተካሄደው ምርጫ ውጤቱን ያልተቀበለው ሳቪምቢ ግን ወደ ጦርነቱ ተመለሰ፤ ዩኒታ በአልማዝ፣ መንግሥትም በነዳጅ ገቢ እየተዋጉ ቀጠሉ። ተኩሱ የቆመው ሳቪምቢ በፌብሩዋሪ 2002 በውጊያ ከተገደለ በኋላ፣ በአፕሪል ወር በተፈረመ ስምምነት ነው።