«ሥራህ ግን ምንድን ነው?»፦ ስለ ሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍ ደራሲ የሚባልና እውነታው

ጅማ ተቀምጬ ለልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ እጽፋለሁ ስል ቡና የምንጠራራ ጎረቤቶቼ በአክብሮት ያዳምጡኛል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ታዲያ አንዷ አትጠፋም፤ «እሺ ጋሼ፣ ሥራህ ግን ምንድን ነው?»

«አጭር ስለሆነ ቀላል ነው»

የተለመደው ሥዕላዊ መጽሐፍ 32 ገጽ ነው። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አትሞ ሲያጥፈው 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚወጣው ነው እንጂ ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። ርዕሱና የኅትመት መረጃው ድርሻቸውን ሲወስዱ ለታሪኩ 30 ገጽ እንኳ አይተርፍም። ስለዚህ ልፋቱ መሰረዙ ላይ ነው። ጅማ አጠገብ ካለው ከቦዬ ረግረግ ወጥቶ ከተማ ስለገባ ጉማሬ ስጽፍ የመጀመሪያው ረቂቄ «ጉማሬው ሦስት እግር ባላት የጅማ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ በርጩማዋም ተሰባበረች» ይል ነበር። አሁን የቀረው «ጉማሬው ተቀመጠ።» ብቻ ነው፤ እሱም በቀኙ ገጽ ግርጌ። የበርጩማዋን ዕጣ ልጁ ራሱ ገልጦ ይየው። እዚህ ለመድረስ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አልናገርም።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አይታይም። «ገና አልመጣም» ብዬ ብጽፍ አዋቂው ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ማንበብ የጀመረ ልጅ ግን የዘገየው ሰውዬው ይሁን በዓሉ በምን ይወቅ? እንዲህ ያለውን ቃል እያደንኩ አወጣለሁ።

«ሥዕሉንም ራስህ ነህ?»

አይደለሁም። እኔ የሣልኳት ዶሮ ድመት ትመስላለች። ሁለቱንም የሚችሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው።

«ምክር ከሌለው ምኑን የልጅ መጽሐፍ ሆነ?»

ይህን የሚሉኝ ወላጆችና መምህራን ናቸው፤ ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን የአያቶቻችን ተረት በምን እንደሚያልቅ ያስታውሱ፦ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» የሚጠየቀው ዳቦ ነው።

«ከታተመ ገንዘቡ አይቀርም»

ባለ ቀለም ኅትመት በአራት ቀለም፣ በአራት ፕሌት (ለየቀለሙ በሚዘጋጅ የማተሚያ ሰሌዳ) ይሠራል። የፕሌቱ ወጪ 300 ቅጂም ታተመ 3,000 ያው ነው፤ ጥቂት ካሳተሙ የአንዱ ዋጋ ይሰቀላል፣ ብዙ ካሳተሙ አልጋ ሥር መጋዘን ይሆናል። (የእኔን አልጋ ሥር ባያዩት ይሻላል።) ብዙዎቻችን የምንኖረው በሌላ ሥራ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ሥራውን ይጠብቅለታል። እንግዲህ የልጅ ልጆቼ ይብሉት።

«አዲስ አበባ ካልገባህ አይሆንም»

ማተሚያ ቤቱም አከፋፋዩም እዚያ ይበዛል፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መመላለሱም አይካድም። ታሪኩ ግን እዚህ ነው። የጅማ ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ አውርቶ፣ ደጅ ወጥቶ በአማርኛ ይጣላል። ስለዚህ ጉማሬውን በሁለቱም ቋንቋ እያዘጋጀን ነው። «ቡና» በእኛ ፊደል ሁለት ሆሄ ነው፤ በቁቤ አራት። መስመሩ ይረዝማል፣ ሥዕሉን መግፋት ይጀምራል። ሠዓሊዋ ይህን ስለምታውቅ ከጉማሬው ራስ በላይ ሰፊ ሰማይ ሥላለች፤ ደመና እንኳ አላስገባችበትም።