የጃፓን ሳኬ፦ ለጀማሪ የአመራረጥና የአጠጣጥ ዳሰሳ

ሳኬ ከሩዝ፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ኮጂ ከሚባል ሻጋታ የሚጠመቅ የጃፓን መጠጥ ነው። ብዙ ሰው የሩዝ አረቄ ይመስለዋል፤ ሳኬ ግን ተጠምቆ ይጠለላል እንጂ አይነጠርም። አብዛኛው ጠርሙስ 15 ወይም 16 በመቶ አልኮል አለው፤ ከወይን ጠጅ ጥቂት ይበልጣል፣ ከአረቄ በብዙ ያንሳል። የጃፓን ሕግም ከ22 በመቶ በታች እንዲሆን ያስገድዳል። ስለዚህ ከምግብ ጋር ቀስ እየተባለ የሚጠጣ እንጂ ባንድ ትንፋሽ የሚጨለጥ አይደለም።

ጠላ ጠምቆ ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ አይከብደውም። በጠላ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅሉ ነው። ለሳኬ የሚሆነው ሩዝ ግን ተፈትጎ ስላለቀ አይበቅልም፤ የብቅሉን ሥራ ኮጂው ይወስደዋል። በእንፋሎት በበሰለ ሩዝ ላይ የሻጋታው ዘር ይነሰነስና ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ክፍል ሁለት ቀን ገደማ ይቆያል። ከዚያ ጥንስሱ ይጣላል። ድፍድፉ ባንድ ጊዜ አይሞላም፤ ሩዙ፣ ኮጂውና ውኃው በአራት ቀን ውስጥ በሦስት ዙር ይጨመራሉ። ሁሉም ባንዴ ቢገባ የጥንስሱ አሲድና እርሾ ይሳሳና ባክቴሪያ ይቀድመዋል። በድፍድፉ ውስጥ ኮጂው ስኳር ሲያወጣ እርሾው እግር በእግር እየተከተለ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ስኳሩ ሳይከማች ስለሚያልቅ እርሾው ሳይታክት 18፣ አንዳንዴም 20 በመቶ ድረስ ይዘልቃል። ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ተጨምቆ አተላው ይለያል፤ አብዛኛው ሁለት ጊዜ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይሞቃል፣ ውኃም ተጨምሮበት ወደ ጠርሙስ ይገባል። ይህ በኮጂ የመጥመቅ ጥበብ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

ሱቅ ውስጥ ጠርሙስ ሲነሳ መጀመሪያ ሁለት ነገር ይታያል፦ ሩዙ ምን ያህል ተፈተገ? አልኮልስ ተጨምሮበታል? የሩዝ ፍሬ ውጫዊ ክፍል ፕሮቲንና ስብ ይበዛበታል፤ እነዚህ ጣዕሙን ያከብዱታል፣ መዓዛውንም ይጫኑታል። ስለዚህ ፍሬው ይፈተጋል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የቀረውን እንጂ የተፈተገውን አያሳይም፤ 60 በመቶ ከተባለ 40 በመቶው ዱቄት ሆኖ ሄዷል ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጊንጆ ለመባል የቀረው 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ ዳይጊንጆ ለመባል 50 ወይም ከዚያ በታች፣ ሆንጆዞ ለመባል 70 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት።

«ጁንማይ» የሚል ቃል ካለ አልኮል አልተጨመረበትም። ከሌለ ጥቂት የተነጠረ አልኮል ገብቶበታል፤ በእነዚህ ደረጃዎች መጠኑ ከነጩ ሩዝ ክብደት አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ አሉ፤ አይደለም። የጊንጆ መዓዛ በአልኮል ስለሚሟሟ ጥቂት አልኮል ሲጨመር ከአተላው ጋር ከመቅረት ይድንና ወደ መጠጡ ይወጣል። ምንም ደረጃ ያልተጻፈበት ተራ ሳኬ ፉትሱሹ ይባላል፤ በጃፓን በየምግብ ቤቱ ሞቆ የሚቀርበው በአብዛኛው እሱ ነው።

የፍተጋው ቁጥር ባነሰ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ ብዙ ሩዝ ይባክናል፣ ፍተጋውም ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ይህ ማለት ግን ዳይጊንጆ ጁንማይ ብቻ ከተባለው ይሻላል ማለት አይደለም። አንዱ የፖምና የሙዝ ሽታ ያለው ቀላል መጠጥ ነው፤ ሌላው የሩዝ ጣዕም ያለው፣ ከምግብ ጋር የሚስማማ። ለተጠበሰ ሥጋ ውድ ዳይጊንጆ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ሳኬ እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ልዩ፣ አንደኛና ሁለተኛ በሚል የመንግሥት ደረጃ ይከፈል ነበር፤ ለምርመራ ያልቀረበው ሁሉ ሁለተኛ ስለሚባልና ግብሩም ስለሚያንስ፣ ጥሩ ጠማቂዎች ጭምር ሆን ብለው ሁለተኛ ይሸጡ ነበር። ደረጃ ብቻውን ጣዕምን አይነግርም።

ከኋላ «ኒሆንሹ ዶ» የሚባል ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ የመደመር ምልክት ካለው ደረቅ፣ የመቀነስ ከሆነ ጣፋጭ። አሲዱ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ጣፋጩም ደረቅ መስሎ ይቀመሳል፤ ሁለቱን አብሮ ማየት ይበጃል። ቀኑም ወሳኝ ነው፤ የሚጻፈው በአብዛኛው የታሸገበት ወር እንጂ የሚበላሽበት አይደለም። አንዳንዱ በጃፓን ዘመን «ሬይዋ 6» ብሎ ይጽፋል፤ 2018 ሲደመር 2024 ይሆናል። በሁለት አቆጣጠር መኖር ለለመደ የእኛ አንባቢ ይህ ቁም ነገርም አይደለም። ሆን ተብሎ ያረጀ ካልሆነ በቀር ከታሸገ አንድ ዓመት ያለፈውን መተው ነው።

ውኃና አካባቢ ጣዕሙን ይለያሉ። የኮቤ አካባቢው ናዳ ሚያሚዙ በሚባለው ማዕድናማ ውኃው ጠንካራና ደረቅ ሳኬ ያወጣል፤ የኪዮቶው ፉሺሚ በለስላሳ ውኃው ለስላሳ። ኒጋታ በቀላልና ደረቅ ይታወቃል። ከሩዙ ዓይነቶች የሂዮጎው ያማዳ ኒሺኪ በጣም የሚፈለገው ነው።

ከአመራረጥ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው ሙቀቱ ላይ ነው። ጊንጆና ዳይጊንጆ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይጠጣሉ። ከፍሪጅ እንደወጡ 5 ዲግሪ ላይ መዓዛቸው ይደበቃል፤ አሥር ደቂቃ ጠብቆ መቅዳት ነው። ካሞቋቸው ደግሞ ሽታው ይበንና ምሬት ይቀራል። ጁንማይ፣ በተለይ በቀድሞው የጥንስስ ዘዴ የተሠሩት ኪሞቶና ያማሃይ፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሲሞቁ ጣዕማቸው ይከፈታል። 55 ካለፈ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል።

ለማሞቅ ውኃ አፍልቶ ምድጃውን ማጥፋት፤ ቶኩሪ የሚባለውን አንገተ ጠባብ የሸክላ ዕቃ ጥቂት አጉድሎ መሙላት፣ እስከ አንገቱ ሥር ውኃው ውስጥ መዘፍዘፍ። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከሥሩ ሲነኩት ሞቅ ካለ ደርሷል፤ እጅ ካቃጠለ አልፏል። ማይክሮዌቭ አንገቱን አቃጥሎ ሥሩን ቀዝቃዛ ይተዋል፤ የግድ ከሆነ በሰፊ ስኒ አሙቆ ማማሰል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ባለ 720 ሚሊ ሊትሩን አይንካ። ሁለት ባለ 300 ይበቃዋል፦ አንድ ጁንማይ፣ አንድ ጊንጆ። ጁንማዩን ለሦስት ከፍሎ ቀዝቃዛ፣ ለብ ያለና 45 ዲግሪ የሆነ ቢቀምስ በአንድ ምሽት ብዙ ይማራል። ጊንጆውን በወይን ብርጭቆ፣ ትኩሱን ኦቾኮ በሚባለው ትንሽ ስኒ። የሳኬውን ያህል ውኃ ጎን ለጎን መጠጣት የጃፓኖቹም ልማድ ነው። በጃፓን ማዕድ ሰው ለጎረቤቱ ይቀዳል፣ ለራሱ ግን አይቀዳም።

የሳኬ ጠላቶች ብርሃንና ሙቀት ናቸው። ጥቂት ሰዓት ፀሐይ የመታው ጠርሙስ መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ሱቅ ውስጥ መስኮት ዳር የተደረደረውን አለመግዛት። ከመታሸጉ በፊት ያልሞቀው ናማ ሳኬ ሁልጊዜ ፍሪጅ ይፈልጋል። ድፍርሱ ኒጎሪ ሲከፈት ሊፈነዳ ይችላል፤ በተለይ እርሾው ያልሞተበት፣ ክዳኑን ቀስ እያሉ መክፈትና መዝጋት እንጂ መነቅነቅ አይገባም። የተከፈተ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ቆሞ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ቢጫ እያለ የአኩሪ አተር ስጎ ሽታ ከያዘ፣ ሆን ተብሎ ያረጀ ኮሹ ካልሆነ፣ ለወጥ ቤት ይቅር፤ የዓሣን ጠረን ያጠፋል። ለወጥ ቤት ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ የማብሰያ ሳኬ ግን ብዙውን ጊዜ ጨው ስለሚጨመርበት ለመጠጥ አይሆንም።