ስለ ጃምፕ ሹት በየሜዳው የሚባለውና እውነታው

የቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ምክር አያጣም። «ክርንህን ሰብስብ!» «እግርህን አስተካክል!» «አየር ላይ ቆይተህ ልቀቀው!» ምክሩ የሚሰጠው በቅንነት ነው። ችግሩ ብዙው ግማሽ እውነት መሆኑ ነው፤ ደህና የጀመረ ልጅ ሹቱን እንዲጠራጠር ያደርጋል። ስለ ጃምፕ ሹት፣ ማለትም ዘልሎ አየር ላይ ሆኖ ስለመወርወር፣ በብዛት የሚባሉትን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ትክክለኛው አወራወር አንድ ብቻ ነው»

ጃምፕ ሹት ራሱ ሲጀመር ከትምህርቱ ውጪ ነበር። በ1930ዎቹ የአሜሪካ አሰልጣኞች የሚያስተምሩት እግርን መሬት ላይ ተክሎ መወርወርን ነበር። ዋዮሚንግ ውስጥ ያደገው ኬኒ ሴይለርስ ግን በቁመት በጣም ከሚበልጠው ታላቅ ወንድሙ ጋር ሲጫወት ኳሱን የሚያሳልፍበት ቀዳዳ አጣ። ዘለለና ከላይ ወረወረው። የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ በ1943 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሲሆን ኮከቡ እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡትንም እዩ። ላሪ በርድ ኳሱን ከጭንቅላቱ ጎን ወደ ኋላ ወስዶ ነበር የሚለቀው፤ የኤንቢኤን (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) የሶስት ነጥብ ውድድር ከ1986 እስከ 1988 በተከታታይ አሸንፏል። ሬጂ ሚለር ሲወረውር እጆቹ ይጠላለፉ ነበር፤ በመደበኛው የውድድር ዘመን 2,560 ሶስት ነጥቦች አስቆጥሯል። ታይሪስ ሃሊበርተን ደግሞ ኳሱን ከደረቱ ገፋ አድርጎ ይለቃል። ኤንቢኤ ሳይገባ «ይሄ ሹት እዚያ አያዋጣም» ሲባል ነበር። በ2025 የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ሊያልቅ 0.3 ሰከንድ ሲቀረው ቡድኑ ኢንዲያና ኦክላሆማ ሲቲን 111 ለ110 ያሸነፈው በዚያው ሹት ነው።

አጀማመራቸው ለየቅል ነው፣ አጨራረሳቸው ግን ይመሳሰላል። ኳሱ ከጣት ጫፍ ሲወጣ ክንዱ ወደ ቅርጫቱ ተዘርግቷል፣ የእጅ አንጓው ወደ ታች ታጥፏል፣ ኳሱም ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ይሄዳል። ይህ በየሹቱ ሳይለወጥ ከተደገመ፣ የቀረውን ለተጫዋቹ ሰውነት መተው ይሻላል።

«ኳሱ የሚለቀቀው ዝላዩ ጫፍ ሲደርስ ነው»

ይሄ የአንዱ ዓይነት ሹት ሕግ ነው። ማይክል ጆርዳን ይዘልል፣ ከላይ ሲደርስ ቆም ያለ ይመስል፣ ከዚያ ይለቅ ነበር። ኳሱ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ተከላካይ በቀላሉ አይደርስበትም። ነገር ግን የእግሩ ጉልበት በዝላዩ አልቋል፤ ኳሱን የሚልከው ክንዱ ነው። ስለዚህ ለመካከለኛ ርቀት ይመቻል።

ስቴፈን ከሪ የሚለቀው ገና እየወጣ ሳለ ነው። ጉልበቱ ሲዘረጋ ኳሱም አብሮ ይነሳል፣ መሃል ላይ ማቆሚያ የለም። የእግሩ ኃይል ቀጥታ ወደ ኳሱ ስለሚሄድ ከሩቅም ብዙ አይታገልም፣ ፍጥነቱም ለተከላካይ ጊዜ አይሰጥም። አቅማቸው ላልጠነከረ ልጆች የምመርጠው ይሄንን ነው። ጫፍ ላይ እንዲለቅ የታዘዘ ልጅ ከሩቅ ሲወረውር አቅም ያጥረውና ወገቡን ያጣምማል፣ ትከሻውን ይወረውራል፤ በኋላ ያንን ማስተው ከባድ ነው።

ከሪ ራሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ኳሱን ከወገቡ አካባቢ አንስቶ ነበር የሚወረውረው። ረጃጅሞች እንደሚያግዱት ያየው አባቱ ዴል ከሪ አንድ ሙሉ ክረምት አወራወሩን ከፍ እንዲያደርግ አሠራው። ሹት የሚቀየረው እንዲህ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው፤ ለዓይን ስላላማረ ብቻ አይነካም።

«ሁለቱም እግር ቀጥ ብሎ ቅርጫቱን ማየት አለበት»

የግድ አይደለም። ብዙ ቀኝ እጅ ተጫዋቾች የእግራቸውን ጣቶች ትንሽ ወደ ግራ ያዞራሉ። ያኔ የሚወረውረው ትከሻና ክርን ሳይጨናነቁ ከቅርጫቱ ጋር ይስተካከላሉ።

«ዝቅ ብሎ ቀጥ ያለ ኳስ ይበልጥ ያነጣጥራል»

ይሄኛው በቁጥር ይፈርሳል። የቀለበቱ ስፋት 45 ሴንቲሜትር ነው፣ ኳሱ ወደ 24። በ45 ዲግሪ ለሚወርድ ኳስ ቀለበቱ 32 ሴንቲሜትር ያህል ክፍት ነው። በ30 ዲግሪ ሲሆን ግን ክፍተቱ 22.5 ብቻ ነው፤ ኳሱ ብረቱን ሳይነካ መግባት አይችልም። ኳሳችሁ የቀለበቱን ፊት ደጋግሞ ከመታ፣ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ።

«ወደ ኋላ እያጋደሉ መወርወር ለታይታ ነው»

ሚዛኑን ላልያዘ ሰው በእርግጥ መጥፎ ልማድ ነው። ዲርክ ኖቪትስኪ ግን 2.13 ሜትር ቁመት ይዞ አንድ ጉልበቱን አንስቶ ወደ ኋላ ያጋድል ነበር። የተነሳው ጉልበት ተከላካዩን ያርቀዋል፣ ማጋደሉ ተጨማሪ ክፍተት ይሰጠዋል፣ ትከሻው ግን ከቅርጫቱ አይዞርም። ዳላስ በ2011 ማያሚን አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነበር። ዳላስ ያለው ሐውልቱም ይህንኑ ሹት ሲወረውር ያሳየዋል።

«ሰሌዳ አስነክቶ ማስገባት ዕድል ነው»

ቲም ዳንከን ከቅርጫቱ ጎን ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ቆሞ፣ ሆን ብሎ ከቀለበቱ ጀርባ ያለውን ሰሌዳ እየመታ ያስገባ ነበር። አምስት ዋንጫ አለው። ከዚያ ቦታ ሰሌዳው ላይ ከተሳለው አራት ማዕዘን የላይኛውን ቅርብ ጥግ እያያችሁ ሞክሩት።