«ኦል» ምንድን ነው? ሁሉን ፊልተር አጥፊ አይደለም

ፓወር ቢአይ (የማይክሮሶፍት የሪፖርት መሥሪያ ፕሮግራም) ላይ የመቶኛ ድርሻ ያስቸገረው ሰው በጠየቀ ቁጥር አንድ መልስ አይጠፋም፦ «ኦል ጨምርበት፣ ፊልተሩን በሙሉ ያጠፋልሃል።» ትናንትም አንዱ ጻፈው። ወንድሜ፣ ለመርዳት ብለህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን በዚህ ምክር ስንት ሪፖርት ተበላሽቷል።

ኦል (ALL) በፓወር ቢአይ የስሌት ቀመር ውስጥ ፊልተርን፣ ማለትም መረጃ የሚያጣራ ገደብን፣ የሚያነሳ ትእዛዝ ነው፤ የሚያነሳው ግን ቅንፍ ውስጥ የጠራችሁትን ነው። ከተማን ከጠራችሁ የከተማ ፊልተር ይነሳል፣ የዓመቱ ግን እዚያው አለ። ሁሉንም የሚያነሳው ቅንፉ ባዶ ሲሆን ነው። ያውም ለዚያች ስሌት ብቻ፤ ገጹ ላይ ያለውን አይነካም።

ጤፍ ሲነፋ አስቡ። ወንፊቶቹ ተደራርበዋል፣ አንዱ የዓመት፣ አንዱ የከተማ። ካልኩሌት (CALCULATE) የተባለው ትእዛዝ ለአንድ ስሌት ሲባል ወንፊት የሚቀያይር እጅ ነው። ችግሩ የከተማው ወንፊት ሁለት መሆኑ ላይ ነው፦ አንዱን ተጠቃሚው በስላይሰር (ገጹ ላይ ባለው መምረጫ) ያስቀምጠዋል፣ ሌላውን የሠንጠረዡ ረድፍ ራሱ ይዞት ይመጣል። ኦል ሁለቱንም ያነሳል። ኦልሴሌክትድ (ALLSELECTED) የተባለው ወንድሙ ግን የረድፉን አንስቶ የተጠቃሚውን ይተወዋል።

በቁጥር እንየው። አዲስ አበባ 500፣ ባሕር ዳር 300፣ ሐዋሳ 200 ሸጡ እንበል። ተጠቃሚው ባሕር ዳርንና ሐዋሳን ብቻ መረጠ። አካፋዩ ላይ ኦል ካለ 30 እና 20 በመቶ ይወጣል፣ ድምሩም 50 ይላል። ኦልሴሌክትድ ካለ 60 እና 40፣ ድምሩ 100። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የተለያየ ጥያቄ ነው የሚመልሱት። «ከአገሩ ሽያጭ ስንት?» ነው ወይስ «ከመረጥኳቸው ስንት?» ይህን ሳይጠይቁ ኦል ብሎ መምከር ነው የሚያናድደኝ።

ካነሳሁት አይቀር፣ የወር ስም በወር ቁጥር እንዲደረደር ካደረጋችሁ ስሙን ብቻ መጥራት አይበቃም፤ የቁጥሩንም ዓምድ ጥሩት፣ አለዚያ ፊልተሩ አይነሳም። በዚህ ግማሽ ቀን ያባከነ ብዙ ሰው አውቃለሁ።

ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ (ማን የትኛውን ረድፍ ማየት እንደሚችል የሚወስነው ገደብ) ደግሞ ወንፊት አይደለም፣ የተቆለፈ ጎተራ ነው። ያልወጣ ጤፍ ወንፊት ስላነሳችሁ አይመጣም። የሐዋሳ መረጃ ብቻ የተፈቀደለት ሰው ኦል ኖረም አልኖረም የሐዋሳን ድርሻ 100 በመቶ ሆኖ ነው የሚያየው። የአገሩን ድምር እንዲያይ ከፈለጋችሁ፣ ድምሩን ቀድማችሁ አስልታችሁ ቁልፉ በማይደርስበት ሌላ ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጡት።