ሪጄነሬሽን ምንድን ነው? የዲፒኤፍ ማጣሪያ የሚያቃጥለውና የማያቃጥለው

ዲፒኤፍ በናፍጣ መኪና የጭስ መውጫ ላይ ተገጥሞ ጥላሸትን የሚይዝ ማጣሪያ ነው፤ ሪጄነሬሽን የሚባለው ደግሞ የተያዘውን ጥላሸት በሙቀት አቃጥሎ ማጣሪያውን ማጽዳት ነው። «ዲፒኤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያጸዳ ጥገና አያሻውም፤ ከተደፈነም በኮምፒውተር ሪጄነሬሽን ማስገደድ ይበቃል» የሚል ምክር በሙሉ እርግጠኝነት ሲሰጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። የምክሩ የመጀመሪያ ክፍል እውነቱን በግማሽ ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን ገና ብዙ ሊያገለግል የሚችልን ማጣሪያ ሊሰነጥቅ ስለሚችል በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ስሕተቱ የሚመነጨው በማጣሪያው ውስጥ የሚጠራቀመውን ሁሉ እንደ አንድ ነገር ከመቁጠር ነው። የሚጠራቀሙት ጥላሸትና አመድ ናቸው። ጥላሸቱ በአብዛኛው ካርቦን ስለሆነ በቂ ሙቀት ሲያገኝ ተቃጥሎ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። አመዱ በዋነኛነት የሚመጣው ከናፍጣው ሳይሆን ከሞተር ዘይቱ ነው፤ በዘይቱ ውስጥ የሚጨመሩት የካልሲየም፣ የማግኒዚየምና የዚንክ ውሁዶች፣ ሞተሩ በትንሽ በትንሹ ዘይት ሲያቃጥል ቅሪታቸው ወደ ማጣሪያው ሄዶ እዚያው ይቀራል። ሪጄነሬሽን የሚያቃጥለው ጥላሸቱን ብቻ ነው፤ አመዱ የቱንም ያህል ቢሞቅ አይወጣም።

ምድጃን ማሰብ ይቻላል። እሳቱ እንጨቱን ይበላል፣ አመዱን ግን አይበላም፤ አመዱ ሞልቶ እሳቱ ቦታ ሲያጣ እንጨት መጨመርም ሆነ ማራገብ ምድጃውን አያጸዳውም፣ አመዱን መዛቅ ግድ ይላል። አመዱ በበዛ ቁጥር ለሌላው የሚተርፈው ቦታ ስለሚጠብ ማጣሪያውም ከቀድሞው ባነሰ ጥላሸት ይሞላል፤ የሪጄነሬሽኑ ጊዜ እየተቀራረበ መምጣትም አንዱ የአመድ መብዛት ምልክት ነው። ንጽጽሩ የሚፈርሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የምድጃ አመድ ከሚነደው እንጨት ከራሱ ስለሚመጣ የሚመረጠው እንጨቱ ነው፣ እዚህ ግን በጥንቃቄ መመረጥ ያለበት ዘይቱ ነው። አምራቾች አመዱ ያነሰ ዘይት የሚያዙትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለምሳሌ በኤሲኢኤ (የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር) ደረጃ ሲ3 የተባለው ዘይት የሰልፌት አመዱ፣ ማለትም ሲቃጠል የሚተወው አመድ ልክ፣ ከ0.8 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ማቃጠሉ የሚከናወነው በሁለት መንገድ ነው። በረጅም ጉዞ፣ ሞተሩ ጭነት ይዞ ሲሠራ፣ ከማጣሪያው በፊት ያለው ካታሊስት (የጭሱን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን ክፍል) ናይትሪክ ኦክሳይድን ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤ ይህም ጋዝ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ጥላሸቱን ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። ይህ ሳይበቃ ሲቀር የሞተሩ ኮምፒውተር ተጨማሪ ናፍጣ ዘግይቶ እንዲረጭ በማድረግ የጭሱን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። በብዙ መኪኖች ይህ ናፍጣ የሚረጨው በሲሊንደሩ ውስጥ ስለሆነ ጥቂቱ ግድግዳውን ይዞ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ በአጭር ጉዞ ምክንያት ሪጄነሬሽኑ ደጋግሞ ሲቋረጥ የዘይቱ መጠን ከፍ ሊልና ዘይቱ ሊቀጥን ይችላል። ስለዚህ የዘይት መለኪያው ከላይኛው ምልክት አልፎ ሲገኝ ዘይቱ ይቀየራል እንጂ ሪጄነሬሽን አይታዘዝም።

ወደ ማስገደዱ ልመለስ። ማጣሪያው የተደፈነው በአመድ ከሆነ ማስገደዱ ናፍጣ ከማባከን ያለፈ ውጤት የለውም። የተደፈነው ከመጠን ባለፈ ጥላሸት ከሆነ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ ብዙ ጥላሸት በአንድ ጊዜ ሲያያዝ፣ በተለይም በመሐል ሞተሩ ያለ ጭነት ዝቅ ብሎ መዞር ሲጀምር፣ ሙቀቱን ጠርጎ የሚያወጣው የጋዝ ፍሰት ይቀንሳል፣ በጋዙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ይጨምራል፤ እሳቱም ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ የማጣሪያውን ሴራሚክ አካል ሊሰነጥቅ ወይም ሊያቀልጥ ይችላል። አምራቹ ለማስገደድ የጥላሸት ጣሪያ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ከዚያም በፊት ጥላሸቱ ለምን በዛ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (የናፍጣ መርጫ)፣ ተከፍቶ የቀረ የኢጂአር ቫልቭ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ) ወይም ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ ሳይጠገን የተቃጠለ ጥላሸት ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት የሚያወዳድረው የግፊት ልዩነት ሴንሰር ቀጫጭን ቱቦዎችም ሊሰነጠቁ ወይም ሊደፈኑ ስለሚችሉ፣ እነሱ ሳይታዩ በሴንሰሩ ንባብ ብቻ መፍረድ አይገባም። ንባቡ ዝቅ ማለቱም የግድ ጤና አይደለም፤ የተሰነጠቀ ማጣሪያ ጭሱን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ እንዲሁ ዝቅ ያለ ግፊት ያሳያል።

አመዱ የሚወጣው ማጣሪያው ተፈትቶ፣ በምድጃ ጥላሸቱ ተቃጥሎ፣ ከመውጫው በኩል ወደ መግቢያው በአየር ሲነፋ ነው። ከጽዳቱ በፊትና በኋላ መመዘን አለበት፤ ካልተመዘነ ምን ያህል አመድ እንደወጣ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ጥሩ ጽዳትም ቢሆን የተወሰነ አመድ ያስቀራል።

ከጽዳቱ በኋላ የኮምፒውተሩ የአመድ መዝገብም፣ ማለትም በማጣሪያው ውስጥ አለ ብሎ የያዘው የአመድ ግምት፣ መስተካከል አለበት። የጥላሸቱን መጠን ከግፊት ልዩነት በሚያሰላ ሥርዓት፣ መዝገቡ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩ የሌለ አመድ እያሰበ ጥላሸቱን አሳንሶ ይገምታል፤ ማጣሪያው ሳይጸዳ መዝገቡን ብቻ ዜሮ ማድረግ ደግሞ አመዱን ጥላሸት አስመስሎ ስለሚያሳየው፣ ሞተሩ የሚቃጠል ነገር በሌለበት ናፍጣ እየረጨ ዘይቱን ሲያቀጥን ይኖራል።